በትሩ አለኝ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ አርሴማ የግራ እጇን አንጓ ከቧንቧው ሥር አድርጋ ቆመች። ቀዝቃዛ ውሃ አምባሩን ያታልለዋል ይባላል። ድሬዳዋ ውስጥ ቀዝቃዛ የሚባል የቧንቧ ውሃ ካለ ነው እንግዲህ፤ የሚወርደው ለብ ያለ ነበር። ቢሆንም እጇን አላነሳችም። አምባሩ አረንጓዴ ነው። ለሁለት ሰዓት አረንጓዴ እንደሆነ ከቆየላት ጠረጴዛው ይተርፋል፤ ካልቆየላት ማክሰኞ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።

ድንጋጤ ከተከለከለ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ ከተማውም ለምዶታል። ሰው ሁሉ የልቡን ምት የሚለካ፣ ሲደነግጥ የሚቀላ አምባር ያጠልቃል። መኪና ጡሩምባ አይነፋም። የኳስ ጨዋታ የሚተላለፈው ውጤቱ ከተነገረ በኋላ ነው። ሠርግ ላይ እልል የሚሉት ሴቶች ከሦስት ከበለጡ አስቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቃል። ለቅሶ በወረፋ ነው፤ ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ። መርዶም ተከፋፍሎ ነው የሚነገረው፦ የእርጋታ ጽሕፈት ቤት ሰዎች በመጀመሪያው ቀን «ትንሽ አሟታል» ይላሉ፣ በሦስተኛው ቀን «ጠንቶባታል» ይላሉ፣ በሰባተኛው ቀን ወረቀት ያስፈርማሉ። በየግድግዳው «ዝም አይነቅዝም» ተብሎ ተጽፏል። የልብ ሕመም ቀንሷል፤ ይህን ማንም አይክድም።

የአርሴማ አምባር በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ቀልቷል፤ ሁለቱም ጊዜ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ጊዜ በጠረጴዛው ምክንያት። ለሦስተኛ ጊዜ ከቀላ ጠረጴዛው «አስጨናቂ ዕቃ» ተብሎ ተመዝግቦ ይነሳል። ዛሬ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ አይቶ የሚፈርም ሰው ሊልክ ነው።

ጠረጴዛ ይባል እንጂ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። ሳሎን ውስጥ፣ ድሮ ይበላበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ፣ በአሻንጉሊት መጠን የተሠራ ድሬዳዋ ጣቢያ አለ። ሐዲዱ ከዚያ ተነስቶ በመስኮቱ ደፍ ላይ ሁርሶን ያልፍና ቴሌቪዥን ይቀመጥበት የነበረው ኮሜዲኖ ላይ ኤረር ይደርሳል። ከኤረር በኋላ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ወዳለው ጨለማ ይገባል፤ በኮሪደሩ መደርደሪያ አፍደም ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሚኤሶ፣ መጨረሻ ላይ ከአልጋዋ ራስጌ አዋሽ። ሐዲዱ ነጠላ ነው። ባቡር ከባቡር ሊተላለፍ የሚችለው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው።

በእውነተኛው መስመር ላይ አርሴማ ሠላሳ አንድ ዓመት የባቡር እንቅስቃሴ ተቆጣጣሪ ነበረች። ዛሬ ባቡሩ ራሱን ይነዳል፤ ማንንም አይጠይቅም። ወንበሯን ባስረከበች ቀን ሰርተፊኬትና አንድ ቴርሞስ ሰጥተው ሸኟት። በዚያ ሁሉ ዓመት በእሷ እጅ ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝቶ አያውቅም። ይህን ለሰው አታወራም፤ ስትራመድ ግን ይታወቅባታል።

ቅዳሜ የሚሠራው በሦስት ሰው ነው። አርሴማ ትቆጣጠራለች፤ የባቡሮቹ ጉዞ በእርሳስ የሚሰመርበት ሰፊ ወረቀት ከፊቷ ተዘርግቷል። ኪሩቤል የመንገደኛውን ባቡር፣ አሥራ ሁለት ቁጥርን ይነዳል። የድሮ ሹፌር ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመቱ። መነጽሩን ይረሳል፤ ምሳ መብላቱን ይረሳል፤ የጊዜ ሰሌዳውን ግን አይረሳም። ኢክራም የጭነቱን፣ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ትነዳለች። ፋርማሲዋን ለልጆቿ የተወች ጎረቤት ናት፤ ሐዲድ ያወቀችው እዚህ ቤት ነው፤ ከሦስቱ አብልጣ ቀልድ የምትወደውም እሷ ናት። ግድግዳው ላይ ያለው የመስመር ሰዓት ከሌላው ሰዓት ስድስት እጥፍ ይሮጣልና የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ በሁለት ሰዓት ያልቃል።

የሥራው ሕግ በትር ነው። በሁለት ጣቢያ መካከል ላለው ለእያንዳንዱ መንገድ ጣት የምታህል፣ የመንገዱ ስም በቢላ የተቀረጸባት አንዲት የወይራ በትር አለች። በድምሩ አምስት ናቸው። በትሯን ያልጨበጠ ሹፌር ወደ መንገዱ አይገባም። በትሯ አንድ ስለሆነች የሚገባውም አንድ ባቡር ብቻ ነው። የተቀበለ ሰው ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እስከሚፈቀደው ድረስ ከፍ አድርጎ፣ «የዚህ መንገድ በትር አለኝ» ይላል። ጥፋት ከተፈጠረ አምስቱም በትሮች ተቆጥረው ሳጥናቸው ሳይገቡ አንድም ጎማ አይንቀሳቀስም። ሕጉ ራሱ ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚሳሳቱት ሰዎች ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ሦስቱ ተማክረው ለዛሬ ሥራውን አቅልለውት ነበር። ከዘጠኙ ጉዞዎች አምስቱ ብቻ ይካሄዳሉ። በየሳምንቱ ከቆርቆሮ ጣሳ በዕጣ የሚወጡት የችግር ወረቀቶች፣ «ድልድይ ተጎድቷል»፣ «ላም ገብታለች» የሚሉት፣ ዛሬ አይወጡም። «አስልተን አሰልቺ እናድርገው» ነበር ያለችው ኢክራም፤ «መንግሥት እንኳ ያንቀላፋበት።»

ኪሩቤል ቀድሞ መጣ። እንደ ሁልጊዜው የመንገደኞችን ዝርዝር ጽፎ ይዟል፤ ማንም እንዲጽፍ አላዘዘውም፤ ባዶ ባቡር መንዳት ግን አይወድም። አርሴማ ሳታየው አስራ አራተኛው ወንበር ላይ ማን እንዳለ ታውቃለች። *ወይዘሮ ቤዛዊት፣ ድሬዳዋ – አዋሽ፣ ደርሶ መልስ።* ሚስቱ ናት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። መርዶዋን በሰባት ቀን ከፋፍለው ነው የነገሩት። አንድ ጊዜ ለአርሴማ፣ «የሞተችው የትኛው ቀን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ሰኞ ትንሽ አሟት ነበር፣ እሑድ ፈረምኩ» ብሏታል። ሲናገር አምባሩ አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤዛዊት ቅዳሜ ቅዳሜ አዋሽ ሄዳ ትመለሳለች።

ከጽሕፈት ቤቱ የተላከችው ልጅ ረድኤት ትባላለች። ዩኒፎርሟ ግራጫ፣ ጫማዋ ድምፅ የሌለው፣ ዕድሜዋ ከሠላሳ የማይበልጥ። ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ድሬዳዋ ከመጣች አራት ወሯ ነው። ወገቧን ሰበር አድርጋ ሦስቱንም እየዞረች በሁለት እጇ ጨበጠች።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ። እኔ ጥግ ይዤ ነው የምመለከተው፤ እንዳልኖርኩ ይቁጠሩኝ።»

«በዚህ ቤት ቆሞ ማየት የለም» አለች አርሴማ። «የቆመ ሰው ያደናቅፋል። ኤረርን ያዥ።»

«ምን ላድርግ?»

«ባቡር ሲመጣ ሹፌሩ ያመጣትን በትር ትቀበያለሽ። ሊወጣ ሲል የሚቀጥለውን መንገድ በትር ትሰጪዋለሽ። በትሯ እጅሽ ላይ ከሌለች ባቡሩ ይቆማል፤ ሹፌሩ ቢያለቅስም ይቆማል።»

«በጣም ቀላል ነው» አለች ረድኤት።

«አዎ» አለች አርሴማ። ጀማሪ ሰው ድሬዳዋ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር መቀመጥ ነበረበት። እዚያ ላስቀምጣት ወይ ብላ አሰበች፤ ከዚያ ደግሞ መንገሩም መዞሩም መጨነቅ መስሎ እንዳይታይባት ፈራችና ተወችው። እንዲህ ያለ ፍርሃት በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዋ ገብቶባት አያውቅም።

የመስመሩ ሰዓት ተለቀቀ። የመጀመሪያው ሰዓት በሰላም አለፈ። ረድኤት በመጡ ባቡሮች ሁሉ ላይ ብድግ እያለች በትር ተቀበለች፣ ሰጠች፤ ፊቷም እየተፈታ መጣ። አርሴማ መስመር ታሰምራለች፣ ሰዓት ታያለች፣ አምባሯን ታያለች። አረንጓዴ። እግሯ ግን ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሎ ነበር። ጉልበቷን በእጇ ተጫነችው። ባቡሮቹ የመጡት በጣም በሰዓታቸው ነበር፤ እንዲህ ሲሆን የሚመጣውን ነገር እንደምትጠብቅ ሴት ጆሮዋ ይቆማል።

ሁለተኛው ሰዓት ላይ ከኮሪደሩ የኢክራም ድምፅ መጣ። «ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ አፍደም። የኤረር–አፍደም በትር አለኝ። ወጣሁ።»

«ውጪ» አለች አርሴማ፤ ወረቀቱ ላይ አሰመረችው። ጭነቱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አልፎ ኤረር ይመጣል፤ ኪሩቤል ኤረር ላይ ይጠብቀዋል፤ ይተላለፋሉ። በቃ።

ኪሩቤል አሥራ ሁለት ቁጥርን ይዞ ኤረር ገባ። ያመጣትን የሁርሶ–ኤረር በትር ለረድኤት ሰጣት። ረድኤት በሁለት እጇ ተቀበለች። ኪሩቤል ቆመ። የመስመሩን ሰዓት አየ። በድሮው ሰሌዳ፣ ዘጠኝ ጉዞ በሚካሄድበት ቀን፣ አሥራ ሁለት ቁጥር በዚህ ሰዓት ኤረር ላይ አይቆምም ነበር። ኪሩቤል ሐሙስ የተማከሩትን ረስቶታል፤ የማይረሳው ሰሌዳውን ነው። እጁን ዘረጋ።

ረድኤት የድሬዳዋ ልጅ ብትሆን ኖሮ «ኧረ ጋሼ፣ የቱን በትር ነው የምትፈልገው?» ትለው ነበር። ድሬዳዋ ሽማግሌም ቢሆን አንተ ይባላል፣ ይጠየቃል፣ ይቀለድበታል። ረድኤት ግን ባደገችበት ቤት አንድ ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገውን አይጠየቅም። እጇ ላይ የነበረችው በትር አንዲት ናት፤ እሷኑ በሁለት እጇ፣ ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ መልሳ ሰጠችው። ኪሩቤልም መነጽሩን አላደረገም፤ በትሯንም አላያትም፤ ዓይኑ ባቡሩ ላይ ነው። ሃምሳ ዓመት የለመደው አፉ ብቻውን ተናገረ።

«አሥራ ሁለት ቁጥር፣ ኤረር። የኤረር–አፍደም በትር አለኝ። ወጣሁ።»

አርሴማ እርሳሷን አንስታ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ቅድም ተነግራለች። በትሯ አንድ፣ አፉ ሁለት። ቀና ስትል የመንገደኛው ባቡር የመጨረሻ ፉርጎ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ እየገባ ነበር። ከኮሪደሩ በኩል ደግሞ የጭነቱ ድምፅ ወደ ጨለማው ሲገባ ተሰማት። በመካከላቸው አሥራ አምስት ሰከንድ ቢኖር ነው።

እጇን አየች። አምባሩ ቢጫ ሆኗል። ከጣሪያው አስታማሚዋ፣ ሁሉም ቤት ውስጥ ያለችው፣ ድምፅዋ የተልባ ውሃ የሚመስለው፣ «እትዬ አርሴማ፣ እባክዎ ትንፋሽ ይውሰዱ» አለቻት።

ዝም ብትል ምን ይሆናል? ምንም። የሽንኩርት ራስ የሚያህሉ ሁለት ባቡሮች ጨለማ ውስጥ ይጋጫሉ። ቀለም ይላጣል። ኢክራም ትስቃለች። ልጅቷ «በእርጋታ ታይቷል» ብላ ትፈርማለች፤ ጠረጴዛው ለዘላለም ይቀመጣል፤ የሚመጣው ቅዳሜም አለ፣ የሚቀጥለውም። ይህን ሁሉ አሰበች። ሒሳቡ ትክክል ነበር። ግን በሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር እያወቀች፣ እያየች፣ ዝም ብላ አታውቅም፤ አስራ አራተኛው ወንበር ላይ ደግሞ ሰው አለ።

ትንፋሽ ወሰደች። በወሰደችው ትንፋሽ ጮኸች።

«ሁሉም ይቁም!»

እንዲህ ያለ ድምፅ በዚያ ሰፈር ለዓመታት አልተሰማም። የኪሩቤል እጅ ልቡ ሳይሰማ የባቡሩን መቆጣጠሪያ ዘጋ፤ የሹፌር እጅ ነው። ኢክራምም ከኮሪደር «ቆሜያለሁ» አለች። ውጭ አንድ ውሻ ጮኸ። የአርሴማ አምባር ቀይ ነበር።

ሦስቱ ቁም ሳጥኑን ገፍተው አዩ። በሁለቱ ባቡሮች መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ነበር። ኪሩቤል አጎንብሶ ክፍተቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ እጁ ላይ ያለችውን በትር ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበና ለረድኤት መለሰላት።

ረድኤት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አምባሯ ቀልቷል። «እኔ ነኝ የሰጠኋቸው» አለች።

«አንቺ ሰጠሽ፣ እሱ ሳያነብ ተቀበለ፣ እኔ ደግሞ ጀማሪ ኤረር ላይ አስቀመጥኩ» አለች አርሴማ። «የጥፋት መዝገብ አለን። ሦስታችንም እንፈርማለን።»

«እትዬ፣ ቀዩን መሰረዝ አልችልም። እንደቀላ ነው የሚሄደው፤ በእኔ እጅ አያልፍም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ፈርሚ።»

ረድኤት ፈረመች። ስትወጣ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ነበር።

ማክሰኞ አራት ሰዎች መጡ። ትሑቶች ነበሩ። ሐዲዱን በስፖንጅ እየጠቀለሉ፣ ሁርሶን፣ ኤረርን፣ አፍደምን በየሳጥኑ ከተቱ። ሁለቱን ባቡሮች ፊት ለፊት እንደቆሙ አንስተው ወሰዷቸው። የበትሮቹን ሳጥንና የመስመሩን ሰዓት ግን ዝርዝራቸው ላይ ስላልነበሩ ተዉአቸው። ሲሄዱ አርሴማ ሳጥኑን ከፈተች። አራት። ደግማ ቆጠረች። የሁርሶ–ኤረር የለችም።

ጠረጴዛው ሲወሰድ ያልሆነችውን ያን ጊዜ ሆነች። ምንጣፍ አነሳች፣ የቁም ሳጥኑን ሥር በመጥረጊያ እንጨት ፈለገች፣ ቅዳሜ የለበሰችውን ቀሚስ ኪስ ገለበጠች። አስታማሚዋ የማረጋጊያ ጠብታ አዘዘችላት፤ ማታ አሥር፣ ጠዋት አሥር። ረቡዕ አምባሩ አረንጓዴ ነበር። ሐሙስም አረንጓዴ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጭነቱን ባቡር ቁጥር ልታስታውስ ሞክራ አጣችው። ሃያ አንድ ነው? አርባ አንድ? ይበልጥ ያስፈራት ደግሞ ማጣቷ ሳይሆን አለመፍራቷ ነበር። የማታውን አሥር ጠብታ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፤ የዓርብን ጠዋትም እንዲሁ። ዓርብ ወደ ማታ ሠላሳ አንድ መሆኑ ከእንቅልፍ እንደሚነቁ መጣላት፤ ከሱ ጋርም ሌላው ሁሉ መጣ፤ ሳሎኑ መካከል ቆማ ባዶውን የመስኮት ደፍ እያየች አለቀሰች፤ በወረፋዋ አልነበረም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ማንም ማንንም ሳይጠራ ተገናኙ። ኢክራም ጠመኔ ይዛ መጥታ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያለውን መንገድ ወለሉ ላይ አሰመረችው፤ በቁም ሳጥኑ ጀርባ ሳይቀር ተንበርክካ አሰመረች። ሁለቱ ባቡሮች በቆሙበት ቦታ ፉርጎ ብላ የደረደረችው ባዶ የመድኃኒት ካርቶኖችን ነው። አርሴማ ስታያቸው የዚያው የታዘዘላት ጠብታ ካርቶኖች ናቸው።

«በፋርማሲው ከዚህ በላይ የሚሸጥ ዕቃ የለም» አለች ኢክራም። «የፈለግሽውን ያህል ረጅም ባቡር ይወጣናል።»

ኪሩቤል ጥግ ላይ ቆሟል። የመንገደኞች ዝርዝሩን አርሴማ ፊት አኖረው። «መንገደኞቹ ሰባት ቀን ጨለማ ውስጥ ቆሙ» አለ።

«በትሮቹ አራት ናቸው» አለች አርሴማ። «አምስተኛዋ ሳትገኝ አንድም ጎማ አይንቀሳቀስም።»

«አርሴማ፣ ሐዲዱስ የታለና ነው?» አለች ኢክራም ቀስ ብላ።

«ሐዲዱን እነሱ ወሰዱት። በትሯን የጣልናት ግን እኛ ነን።»

የመስመሩ ሰዓት ቆሟል። ሌላው ሰዓት ሦስት ተኩል አለ፤ ከዚያ ሩብ ጉዳይ ለአራት። ኪሩቤል ወንበር አልፈለገም፤ ኢክራምም ተነስቼ ልሂድ አላለችም።

በሩ ተንኳኳ። ረድኤት ነበረች። ዩኒፎርም አልለበሰችም፤ ዓይኖቿ አብጠዋል፤ የሸሚዟን እጅጌ አምባሯ ላይ ጎትታለች። ጎትታዋለች እንጂ ቀይ መሆኑ በጨርቁ ውስጥ ያስታውቃል።

«ዕረፍት ብለው ቤት አስቀመጡኝ» አለች። «ጠብታውን ስወስድ ሰንብቼ ኪሴ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ጠፋብኝ። ትናንት ስተወው አወቅኩት።» እጇን ዘረጋች። በትሯ መዳፏ ላይ ነበረች።

አርሴማ ለመቀበል እጇን አላነሳችም። «በትር እንዲህ አይሰጥም።»

ረድኤት ገባት። በትሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች። ፊደሎቹ ከብዙ እጅ የተነሳ ለስልሰዋል፤ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ አንድ በአንድ አነበበች።

«የሁርሶ–ኤረር በትር አለኝ» አለች፤ ከሚፈቀደው በላይ ጮክ ብላ።

«አምስት» አለች አርሴማ፤ በትሯን ተቀብላ ሳጥኑን ዘጋችና የመስመሩን ሰዓት ለቀቀች። ከዚያ የኪሩቤልን ዝርዝር አነሳች። አስራ አራተኛው ወንበር። *ወይዘሮ ቤዛዊት፣ ድሬዳዋ – አዋሽ።* ደርሶ መልስ የሚለው የለም። ደግማ አየችው፤ ቀና ብላ ኪሩቤልን አየችው።

«ባለፈው ቅዳሜ ስትጮሂ ነው» አለ ኪሩቤል፤ «መርዶዬን የሰማሁት።»

መነጽሩን አደረገ። ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ወለሉ ላይ ተንበረከከና አሥራ ሁለት ቁጥርን ከጨለማው ወደ ኋላ ወደ ኤረር ማውጣት ጀመረ። ከጣሪያው አስታማሚዋ አራቱም ትንፋሽ እንዲወስዱ ደጋግማ ለመነቻቸው። ኪሩቤል ጮክ ብሎ እያለቀሰ ነበር፤ ሌሎቹም አላስቆሙትም። አራቱም አምባሮች ቀልተዋል፤ ጭነቱ ኤረር ገባ፤ የመንገደኛው ባቡርም በሰዓቱ ወደ አዋሽ ወጣ።